ፊደል፣ ሬዲዮና ጥሩምባ በዘነበወርቅ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፤

ዓመቱን ሳይጨርሱ ለተለዩን ወንድሞችና እኅቶች ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

እንደምታውቁት በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የጥሩምባውና የደብተሩ ነገር ነው። ይኸውም ከእንግዲህ ወዲህ ለቅሶ በሆነ ጊዜ ለፋፊው በየመንደሩ እየዞረ መንፋቱ ቀርቶ መልእክት በስልክ ይተላለፍ፣ ወርኀዊ መዋጮም በቴሌብር ይከፈል፣ በደብተር ላይ መፈረሙም ይቅር የሚል ሐሳብ ከወጣት አባሎቻችን ቀርቧል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የኖርን ስለሆንን፣ ነገሩ ከመወሰኑ በፊት ታሪኩን ብናስታውስ ይጠቅማል ብለን ብዕር አነሣን። ታሪኩም ወሬና ትምህርት ወደ ሠፈራችን በየጊዜው በምን በምን መንገድ እንደ ገባ፣ በገባም ጊዜ ማን እንደ ተጠቀመና ማን በር ላይ ቆሞ እንደ ቀረ የሚናገር ነው።

የሠፈራችን አመጣጥ

ዛሬ የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ፣ ዘነበወርቅ» እያለ ሲጣራ የሚሰማው ወጣት ስሙ ከየት እንደ መጣ ላያስበው ይችላል። ልዕልት ዘነበወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ ገና በወጣትነታቸው፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ዐረፉ። ሠፈራችን ስሙን ያገኘው በእሳቸው ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን ወረራው ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ያቋቋሙት ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ናቸው። ቦታው ያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ነበር። በሽተኛው ከሰው እንዲርቅ ተብሎ ነው።

ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላውም ክፍለ ሀገር የመጣው ሰው ሕክምናውን ሲያገኝ ወዴት ይመለስ? አገሩ አይቀበለውም። ትዳሩ ፈርሷል፤ መሬቱንም ዘመድ ይዞታል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ሸማ ሠራ፣ ጥልፍ ጠለፈ፣ የባሰበትም ለመነ፣ ልጅም ወለደ። የሠፈራችን መሠረት ይኸው ነው። ይህንን ለልጆቻችን ስንነግር ልናፍር አይገባም።

በ1958 ዓ.ም. አለርት በዚሁ ስፍራ ተቋቋመ፤ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የበሽታውን ጀርም እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኙት በኖርዌያዊው ሐኪም ስም የሚጠራው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረ። ከብዙ አገር ሐኪሞች እየመጡ እዚህ ይሠለጥኑ ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ዕውቀት በአጠገቡ እያለ የመንደሩ ሰው ስለ በሽታው የሚያውቀው ከአያት የወረደውን ብቻ ነበር፤ በዘር ይተላለፋል፣ እርግማን ነው፣ ከነኩት ይጋባል የሚለውን። ከሆስፒታሉ አጥር ወጥቶ ጎረቤት ድረስ የሚመጣ ወሬ ነጋሪ አልነበረም።

የፊደል መንገድ

በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊትም አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይታደል ነበር። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። አዲስ ዘመን ጋዜጣም ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን እርምጃው ለሚያነበው ሰው ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በፊት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 93ቱ ማንበብና መጻፍ እንደማይችል በመንግሥት ይነገር ነበር።

በእኛ ሠፈር ጽሑፍ ወደ ሰው ጆሮ የሚደርሰው በሌላ ሰው አፍ ነበር። እኛ ራሳችን ገና ልጅ ሳለን ለጎረቤት ደብዳቤ አንባቢ ነበርን። ደብዳቤው ከገጠር ይመጣል፤ ሰላምታው ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል። ሽማግሎች ታዲያ አንድ ሥርዓት አስተምረውን ነበር። በደብዳቤው ውስጥ የሞት ወሬ ካገኘህ ዘለህ እለፈው፤ ድምፅህም አይለወጥ፤ ወጥተህ ለእኛ ንገር ይሉናል። እነሱም ተሰብስበው በማለዳ ሄደው መርዶውን በወጉ ይናገራሉ፤ የሚደግፍ ሰው ይዘው፣ ውኃም አዘጋጅተው።

ይህንን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደል የቆጠረው ልጅ ከሽማግሌው ቀድሞ ወሬውን ያውቃል፤ ወሬው እንዴት መነገር እንዳለበት የሚያውቀው ግን ሽማግሌው ነው። ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ ጎረቤት አይጎዳም። ካልተስማሙ ግን አንዲት እናት የልጅዋን ሞት ከአሥር ዓመት ልጅ አፍ ትሰማለች።

የሬዲዮ መንገድ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በመጣበት ዘመን ነው። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ተከተሉ። ብሥራተ ወንጌል በ1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተወርሶ ስሙ ተለወጠ።

ሬዲዮ ከጋዜጣ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ፊደል አይጠይቅም። በመንደራችን ሬዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና ማታ ማታ ሰው ይሰበሰባል። ጤነኛው በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ የታመመው ውጭ አጥሩን ተደግፎ ይሰማል። ድምፁ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ወንበሩ ግን እኩል አልነበረም።

የሥጋ ደዌ በዘር እንደማይተላለፍ፣ በመድኃኒት እንደሚድን ሲነገር በሬዲዮ የሰማንበት ጊዜ አለ። በረንዳ ላይ ያለውም፣ አጥር ሥር ያለውም ሰማ። «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ተባለ። በማግሥቱ ቡና ሲፈላ ግን ለታመመው የምትቀመጠው ሲኒ ያችው ለብቻ የተለየችው ነበረች። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ሰው አንድን ነገር አምኖ ነቅንቆ ሲያበቃ እጁ በድሮው ልማድ ሊቀጥል እንደሚችል ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋ ነበር፤ በኋላ 15 ደረሰ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ዘመኑ ከባድ እንደ ነበር፣ በቀይ ሽብር በየቀበሌው የፈሰሰውን ደምም ማንም አይረሳም። ፊደል የቆጠሩት ሰዎች ግን በእውነት ቆጥረዋል፤ ይህንንም መካድ አይገባም።

እኛ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን ስለነበር «የተማረ ያስተምር» በተባለው መሠረት ለአስተማሪዋ ረዳት ሆንን። ሥራችን ጠመኔ ማቅረብ፣ እርሳስ ማደልና የተገኘውን የቀረውን በመዝገብ መያዝ ነበር። ክረምቱን በሙሉ እናቶች መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ጭቃውን ረግጠው ይመጡ ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በሽታው ድኖላቸዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ እጆቻቸው ጣቶች አልቀዋል። በአግዳሚው ወንበር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ አልተገኘም። እሳቸውም ማንንም ሳይወቅሱ በር አጠገብ የራሳቸውን ዱካ አምጥተው ተቀመጡ። እኛስ? እርሳሱን ሰጠናቸውና ትምህርቱ ሲያልቅ ሲመልሱልን በቁራጭ ጋዜጣ ይዘን ተቀበልናቸው። እሳቸው አይተዋል፤ ምንም አላሉም። እኛ የመሠረተ ትምህርት ረዳት ነበርን፤ በሬዲዮም የተነገረውን ሁሉ ሰምተናል። ያ ጋዜጣ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ከሳምንታት በኋላ «እትዬ፣ ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ በእድራችን ደብተር ላይ ያልተማረ ሰው በአውራ ጣቱ ይፈርማል። እኔ አውራ ጣት የለኝ፤ ቀለሙን በምን ልንከር? ሌላ ሰው በጣቱ ይፈርምልኛል። ነገ አልከፈልሽም ቢሉኝ ምን ማስረጃ አለኝ? ስሜን ልጻፍ እንጂ።»

እርሳሱን በጨርቅ ከአንጓቸው ጋር አሥረው ነበር የሚጽፉት። ፈተናው ሲደርስ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ፊደሉ ትልልቅና ጎርበጥ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ይነበባል።

ኋላ በሆስፒታል የሚሠራ አንድ የሠፈራችን ድሬሰር እንዳስረዳን፣ በሽታው ጣትን ራሱ አይቆርጥም። የሚገድለው ነርቭን ነው። ነርቭ ሲሞት ሕመም አይሰማም፤ ሰውየው የጋለ ጀበና ይይዛል፣ እሾህ ይረግጣል፣ አያውቀውም። ቁስሉ እያመረቀዘ ጣቱን ይጨርሰዋል። በህንድ አገር የሠሩት እንግሊዛዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ ይህንን በሚገባ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የተጣመረ መድኃኒት ሲመጣ ደግሞ በሽታው በወራት የሚድን ሆነ፤ መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

ድንኳኑ ያደረገው

ያን ጊዜ በመንደራችን ሁለት ዓይነት እድር ነበር። የጤነኞቹ እድር በሽታው ያለበትን አይመዘግብም። የታመሙት ደግሞ የራሳቸውን አቋቁመው፣ ድንኳናቸውን ገዝተው፣ ሙታናቸውን ራሳቸው ይቀብሩ ነበር። ቤተሰባችን በጤነኞቹ እድር ውስጥ ነበር።

አባታችን ያረፉት በክረምት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የእድራችን ድንኳን ከዚያ በፊት በነበረው ለቅሶ ተቀዶ ገና አልተሰፋም። ዝናቡ ደግሞ ፋታ አልሰጠም፤ ለቀስተኛው ጎጆው ሥር ተጨናንቆ ቆመ። በዚህን ጊዜ ከታች መንደር የእነዚያ እድር ሰዎች ድንኳናቸውን በትከሻቸው ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ጥሩምባውን ሰምተው ነው። በበሽታው በተጎዳ እጃቸው ካስማውን ተከሉ፣ ገመዱን ወጠሩ። እኒያም በመሠረተ ትምህርት ያወቅናቸው እናት መጥተው ከሴቶቹ ጋር ንፍሮውን ቀቀሉ።

እስቲ አስቡት! በእነሱ ድንኳን ተጠልሎ የእነሱን ንፍሮ አልበላም የሚል ማን ነው? ንፍሮው በአንድ ትሪ ቀረበ፤ ሁሉም ዘገነ። ከመቃብር መልስም ሲኒ የለየ አልነበረም። በሠልስቱ ቀን የእድራችን ዳኛ ተነሥተው «ከእንግዲህ እነዚህን ሰዎች ውጭ ካቆምን እግዚአብሔርም አይወደውም» አሉ። ነገሩ ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቷል፤ ከአባልነት የወጣም ነበር። ቢሆንም ሁለቱ እድሮች ተዋሐዱ። አዲሱ ደብተር ሲከፈት እኒያ እናት ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ደብተሩ ዛሬም በእድራችን ሣጥን ውስጥ አለ፤ የፈለገ ሄዶ ማየት ይችላል።

እንግዲህ እኛ እንደምናየው ሬዲዮ ነገረን፤ ትምህርትም አስረዳን፤ ልማዳችንን የለወጠው ግን አብሮ መቅበርና አብሮ መብላት ነው። ይህንን የሚደግፍ ነገር በሌላም ቦታ ታይቷል። የኤድስ በሽታ ሰውን በሚፈጅበት ዘመን እድሮች ለትምህርቱና ለወላጅ አልባ ልጆች ርዳታ ተፈልገው ነበር። ዳመን ኃይለማርያምና አሉላ ፓንክረስት የተባሉት ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ2000 የእድርን ታሪክና በኤድስ መከላከል ሊኖረው የሚችለውን ድርሻ ጽፈዋል። በሥጋ ደዌ የተጎዱት ወገኖቻችንም በ1988 ዓ.ም. ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመው ስለ ራሳቸው ራሳቸው መናገር ጀምረዋል።

ስለ ስልኩ የእኛ ሐሳብ

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን በ1991 ዓ.ም. ጀመረ፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. መጣ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ የእናቱን መዋጮ ከዚያው ሆኖ ሊከፍል ይችላል። ገንዘብ ያዡም የገንዘብ ከረጢት ተሸክሞ አይጨነቅም። ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ሥራ ላይ ያለው ሰው ወዲያው ያውቃል። ጥሩምባ ነፊያችንም አርጅተዋል፤ በዝናብ በቁር መዞሩ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ማን በር ላይ ይቀራል ብለን እንጠይቅ። ስልክ የሌላቸው አባላት አሉ። ስልክ ይዘው ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ አሉ፤ በዘመቻው የተማሩትን ሳይሠሩበት የረሱም አሉ። ደግሞም የዛሬው ስልክ የሚሠራው በጣት ጫፍ ነው። በእኛ ሠፈር ጣት የሌላቸው አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉ። አንድ ጊዜ አውራ ጣት የለህም ብሎ ደብተሩ ያገለላቸውን ሰዎች፣ አሁን ደግሞ ስልኩ እንዲያገልላቸው እንፈቅዳለን ወይ?

ሁለተኛው የመርዶው ነገር ነው። በዚህ ዓመት አንዲት አባላችን የወንድማቸውን ሞት የሰሙት ብቻቸውን ማድ ቤት ቆመው፣ ለሁሉም ከተላለፈ የስልክ መልእክት ላይ ነው። የላከው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሎች በልጅነታችን ዘለህ እለፍ ያሉን ለዚህ ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ይወጣል፣ ጎረቤቱን ያገኛል፣ ማን ነው ብሎ ይጠያየቃል፤ ብቻውን አይሰማም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የስልኩ መልእክት ይጀመር፤ ጥሩምባውም ይቀጥል። ለጥሩምባ ነፊያችን ወጣት ረዳት ይመደብላቸው።

ሁለተኛ፣ ሽማግሎች ለቅርብ ዘመድ መርዶውን ነግረናል ሳይሉ የሟች ስም በስልክ አይላክ።

ሦስተኛ፣ መዋጮ በቴሌብር መክፈል የፈለገ ይክፈል፤ የከፈለው ግን በደብተሩ ላይ ይስፈር። ማንበብ ለማይችለው አባል ጸሐፊው በየወሩ ሒሳቡን ያንብብለት።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ወጣት አባል በአጠገቡ ካሉት ስልክ ከሌላቸው ወይም ማንበብ ከማይችሉ ቤቶች ሁለት ሦስቱን ይያዝ፤ መልእክት በደረሰው ጊዜ ሄዶ በቃሉ ይንገር።

አምስተኛ፣ የቀድሞዎቹ ደብተሮች አይጣሉ። የአውራ ጣት አሻራውም፣ ፊርማውም የሠፈራችን የትምህርት ታሪክ ነው። ሌላ መጽሐፍ አልተጻፈልንም።

ወጣቶቻችን ይህንን ስንል የድሮ ሰው ግትርነት እንዳይመስላቸው እንለምናለን። እኛም አንድ ጊዜ አዲስ ዕውቀት የያዝን ወጣት ነበርን፤ እርሳስም በጋዜጣ ተቀብለናል። እናንተ ከእኛ የተሻለ እንድታደርጉ ነው የምንመኘው።

በጽሑፉ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አባል ቢያርመን ደስ ይለናል። እስከ ጉባኤው ቸር ይግጠመን።